በርበሬ በጓሮአችን

የደመወዝ ሰው በየዓመቱ ከሚፈራቸው ነገሮች አንዱ የበርበሬ ግዥ ነው። የቤት ኪራይ በየወሩ ስለሚመጣ ይለመዳል። የበርበሬ ግዥ ግን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም የመስከረም በዓላት አልፈው ኪስ በሳሳበት ሰዓት ከተፍ ይላል። ዛላው ይገዛል፤ ይቀነጠሳል፤ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ነጭ አዝሙዱ ይጨመራል፤ የወፍጮ ቤቱ ሒሳብ ይከተላል። ከዚህ ሁሉ ጣጣ ሸሽቼ የተፈጨውን እገዛለሁ ያለ ሰው ደግሞ ከበርበሬው ጋር ምን እንደ ተፈጨ አያውቅም። የጡብ ዱቄትና ሌላም ባዕድ ነገር ከበርበሬ ጋር ቀላቅለው የሚሸጡ ሰዎች ስለ መኖራቸው ብዙ ጊዜ ሰምተናል።

እኔ እስከ ዓምና ድረስ ይህ ጭንቀት አልነካኝም ነበር። እናቴ ከቡሬ ወረድ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ስለምትኖር፣ በየዓመቱ የገና ሰሞን አንድ ከረጢት ድልዝ በርበሬ በሰው ትልክልኝ ነበር። ዓምና መልእክተኛው ሲመጣ ግን እንደ ልማዴ ከረጢቱን ለመቀበል ሁለት እጄን ብዘረጋ፣ ከጡጫ የማትበልጥ የጨርቅ ቋጠሮ አስጨበጠኝ። ብፈታት የበርበሬ ዘር ናት። «ዘንድሮ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ መደለዙም መቀንጠሱም አልሆነልኝም። ዱቄቱን ባልችል ዘሩን ልኬልሃለሁ። መቼም መሬት የሌለበት አገር የለም» ብላዋለች። የእናቴ እጅ መድከሙን የሰማሁት በዚያች ቋጠሮ ነው። በስልክ ስንነጋገር አንድ ቀን እንኳ አንሥታው አታውቅም።

ለመሆኑ የአዲስ አበባ ሰው ዘሩን ይዞ የት ይደርሳል? እኔ የምኖረው በኪራይ ቤት ነው። ከማድ ቤቱ ጀርባ አምስት እርምጃ በሁለት እርምጃ የምትሆን ጓሮ አለች፤ እርስዋም የቤቱ ባለቤት የእማማ ናት። ዘሩን መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው ሳለሁ፣ በሳምንቱ 10ኛ ክፍል ገብቼ ስለ ፍሬና ስለ ዘር ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ቃሪያ ሲያረጅ በርበሬ ይሆናል ወይስ ሁለቱ የተለያዩ ዕፆች ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አንድ ዕፅ መሆናቸውን፣ ቃሪያ ያልበሰለው፣ በርበሬ የበሰለው ፍሬ መሆኑን ነገርሁት። እርሱ ግን አልተወኝም፤ «ታዲያ በስንት ቀን ነው የሚቀላው?» አለኝ። ይህን አላውቅም ነበር። በኮሌጅ አራት ዓመት ባዮሎጂ ተምሬያለሁ፤ የበርበሬ አበባ ስንት ቅጠል እንዳለው ሥዬ አሳይቻለሁ። በእጄ ግን አንዲት የበርበሬ ችግኝ ተክዬ አላውቅም። በዚያኑ ቀን ማታ ወደ እማማ ሄጄ ጓሮዋን ለመንሁ።

እማማ «ውሰደው ልጄ፤ ግን ከመጀመሪያው ፍሬ ለኔ ነው» አለችኝ።

እዚህ ላይ ስለ በርበሬ የዘር ሐረግ ጥቂት ብናገር አንባቢ ይታገሠኛል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ብዙዎቻችን በርበሬን ከጤፍና ከእንሰት እኩል የአገራችን ተወላጅ አድርገን እንቆጥረዋለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በርበሬ የአሜሪካ ክፍለ ዓለም ዕፅ ነው። የሜክሲኮና የደቡብ አሜሪካ ሕዝቦች ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት አልምተውታል። ክሪስቶፈር ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 የባሕር ማዶውን ምድር ሲረግጥ የሚፈልገው የህንድን ቁንዶ በርበሬ ነበር፤ ያገኘው ግን ይህን ቀይ ፍሬ ነው። ሁለቱ በዘር የማይገናኙ ሆነው ሳለ ለብዙ ቋንቋዎች አንድ ስም የተረፋቸው በዚሁ መደናገር ነው። ከዚያ ወዲያ የፖርቱጋል መርከቦች ዘሩን ወደ አፍሪካ ጠረፍና ወደ ህንድ አደረሱት። እንግዲህ በ15ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ነገሥታቶቻችን የበሉት ወጥ ምንም ያህል ቢጣፍጥ በዚህ በርበሬ የቀላ አልነበረም። ይህን ለክፍሌ ስነግር ከእናቱ የተሰደበ ያህል የተቆጣ ተማሪ ነበረ።

የዕፁ ቤተሰብ ድንችን፣ ቲማቲምንና ትምባሆን ያጠቃልላል፤ ይህንንም በኋላ ስለምንፈልገው ልብ በሉልኝ። የተለመደው በርበሬና ቃሪያችን ካፕሲከም አኑም የሚባለው ወገን ነው። ሚጥማጣ የሚሠራበት ትንሹ ፍሬ ደግሞ ካፕሲከም ፍሩተሰንስ ይባላል። ከበርበሬዎቻችን መካከል በጥቁረቱና በቀለሙ ድምቀት የታወቀው ማረቆ ፋና ስሙን ከማረቆ አገር አግኝቷል። አላባም በበርበሬው የተመሰገነ ነው። እኔ እንኳ የቡሬ ልጅ በመሆኔ የሁለቱን ምስጋና በቁጠባ ነው የምጽፈው።

አሁን ወደ ዘሩ ልመለስ። በጥር ወር መጨረሻ ላይ አንድ የሃያ ሊትር የዘይት ጀሪካን ጎኑን ቀድጄ፣ ከሥሩ ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ በስቼ፣ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅዬ ሞላሁት። ዘሩን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቀብሬ በአፈር አለበስሁት። እስከዚህ ድረስ የሠራሁት ልክ ነበር። ስሕተቴ ሁለት ነው፤ የመጀመሪያው የእናቴን ዘር አንዲት ፍሬ ሳላስቀር በአንድ ቀን መዝራቴ ነው። ማንም ሰው ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ ቢሆን፣ ዘሩን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በደረቅ ጠርሙስ እንዲያስቀር እለምነዋለሁ።

የበርበሬ ዘር የሚወድደው ሙቀት 25 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ ሙቀት በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ብቅ ይላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጥር ሌሊትዋም ብርድ ነው። ቀን ቀን ጀሪካኑን ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ፤ ማታ ማታ እንደ ሕፃን አቅፌ ወደ ቤት አስገባዋለሁ። በ16ኛው ቀን ጧት አፈሩ ተሰንጥቆ ጀርባቸውን ያጎበጡ ነጫጭ ቡቃያዎች ሳይ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ያስቸግረኛል። ስቆጥር 68 ሆኑ።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ደስታ የመጣ ነው። ውኃ ጧት፣ ከሥራ ስመለስ፣ ሌሊትም ልተኛ ስል አጠጣለሁ። በአሥረኛው ቀን ጥቂቶቹ ከግንዳቸው ሥር ቀጥነው፣ ጠቁረው፣ እንደ ሰከረ ሰው ዘመም አሉ። በማግስቱ ሃያ ያህሉ ወድቀው አደሩ። በሽታው በረጠበ አፈር ውስጥ የሚኖር ሻጋታ መሰል ነገር መሆኑንና ለጋ ግንድን አፈሩ ላይ እንደሚቆርጥ የተረዳሁት ከወደቁ በኋላ ነው። እኔ ጥም መስሎኝ ውኃ ጨመርሁላቸው! እማማ ጀሪካኑን አይታ «አንተ ልጅ፣ ይኼ ችግኝ ነው ወይስ ዳክዬ?» አለችኝና ከእጄ ነጥቃ ከግድግዳው ሥር ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አኖረችው። የላይኛውን አፈር በጣትዋ ነክታ ሳይደርቅ ጠብታ ውኃ እንዳላደርግ ከለከለችኝ። ከ68ቱ 14 ተረፉ።

በዚያ ሳምንት እናቴ ስትደውል «ዘሩ በቀለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «በቅሏል» አልኋት። ውሸት አልነበረም፤ ግን ስልኩን ስዘጋ ፊቴ ግሎ ነበር።

የ14ቱ ችግኞች አስተዳደግ ብዙ ወሬ የለውም። በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ስድስት ስድስት ቅጠል አወጡ፤ ቁመታቸውም አንድ ስንዝር ሆነ። ወደ ጓሮ ከማዛወሬ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ሌሊቱንም በደጅ እያሳደርሁ ብርዱን አለማመድኋቸው።

ቦታውን በመምረጥ ላይ ግን ከእማማ ጋር ተከራከርን። እኔ የፈለግሁት የጓሮውን መካከል ነው፤ አፈሩ ለስላሳ ነውና። ለካ አፈሩ የለሰለሰው ዓምናና ካቻምና ድንች የተተከለበት ስለ ሆነ ነው። ድንችና በርበሬ የአንድ ቤተሰብ ልጆች እንደ መሆናቸው ደዌያቸውም የጋራ ነው። ድንች፣ ቲማቲም ወይም በርበሬ በቆመበት መሬት ላይ ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓመት ሌላ ነገር ሳይዘራበት በርበሬ መትከል፣ ሕመምተኛ በተነሣበት አልጋ ላይ አንሶላ ሳይለውጡ እንደ መተኛት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁ ሳስበው እስቃለሁ። የሳተው አስተማሪው ነው፤ ያወቀችው ፊደል ያልቆጠረችው እማማ ናት። እርስዋ የመረጠችው ነጭ ሽንኩርት የነበረበትን፣ በማድ ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ሥር ያለውን ጠባብ መሬት ነው። ግድግዳው የቀኑን ፀሐይ ሲጠጣ ይውልና ሌሊት ያንኑ ሙቀት ቀስ እያለ ይተነፍሳል። ለደጋ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ አላየሁም።

ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሁለት ከፍ ያሉ መደቦች ሠራን። በአገራችን ለበርበሬ የሚመከረው ስፋት በመስመርና በመስመር መካከል 70 ሳንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ነው። እንዲህ ከሆነ አንድ ካሬ ሜትር መሬት አምስት ያህል ተክል ይይዛል። መደቡ ከፍ ማለቱ ለክረምቱ ነው፤ የበርበሬ ሥር ጥምን ከመታገሥ ይልቅ የቆመ ውኃን አይችልም። አሥራ አራቱንም ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ተክዬ፣ ውኃ አጠጥቼ፣ እጄን ታጥቤ ራት በላሁ።

ጧት ስነሣ ሦስቱ ከግንዳቸው በመቀስ እንደ ተቆረጡ ወድቀው አገኘሁ። አፈሩን በጣቴ ብቆፍር አንድ ወፍራም ግራጫ ትል ተጠቅልሎ ተኝቶአል። ይህ ቆራጭ ትል የሚሠራው በሌሊት ነው፤ ቀን ከዚያው ከገደለው ተክል አጠገብ አፈር ውስጥ ይደበቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የግንዱን ሥር በወረቀት መጠቅለልና ወረቀቱን ሁለት ጣት ያህል ወደ አፈር ማስገባት። በቤቴ ከወረቀት ሁሉ የሚበዛው የቆየ የፈተና ወረቀት ስለ ሆነ የቀሩትን 11 ችግኞች በእርሱ ጠቀለልኋቸው። አንደኛው ላይ «ከ20፣ 4» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይነበብ ነበር። ትሉ አልደፈረውም።

ስለ ፍግ አንድ ቃል። እኔ ፍግ ቢበዛ ፍሬ ይበዛል ብዬ ለአንዱ መደብ ያልበሰበሰ የከብት ፍግ በሁለት እጄ አስታቀፍሁት። በሁለት ወር ውስጥ ያ መደብ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ፣ ጉልበቴን አልፎ፣ መንገደኛ ሁሉ የሚያደንቀው ሆነ። አበባ ግን የለውም። በብስባሽ ብቻ የተተከለው ሁለተኛው መደብ አጠር ያለ ሆኖ ሳለ በግንቦት መጨረሻ ነጫጭ አበባውን አወጣ። ናይትሮጅን የበዛለት በርበሬ ቅጠል እየለበሰ መውለድን ይረሳል።

ሐምሌ ሲገባ ሌላ ጉድ መጣ። አበባው ይወጣል፤ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ከነጓንጉሉ ይረግፋል። ጧት ጧት መሬቱ ነጭ ሆኖ አገኘዋለሁ። የሌሊቱ ሙቀት ከ13 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ የአበባው ብናኝ ጉልበት ያጣል፤ አበባውም ሳይፀንስ ይወድቃል። ቀኑም በደመና ተሸፍኖ ስለሚውል ተክሉ የሚመገበው ብርሃን የለም። ለዚህ ያደረግሁት ከግድግዳው ጋር አጋድሜ በአራት እንጨት ላይ ነጭ ላስቲክ መወጠር ነበር። ዝናቡ በቀጥታ አይወርድባቸውም፤ የግድግዳውም ሙቀት ቶሎ አያመልጥም። ጎንና ጎኑን ክፍት ተውሁት፤ ነፋስ ካጣ ሻጋታ ይይዘዋልና። ከዚያ በኋላ ፍሬ መያዝ ጀመሩ። በዝቅተኛ አገር፣ በአዳማ ወይም በሐዋሳ፣ የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን ክፍል እየሳቃችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን የአንዲቱ ተክል ነገር ነው። በፍሬዋ ከሁሉ የቀደመችው እርስዋ ነበረች። በነሐሴ መጀመሪያ ላይ ለጋ ቅጠሎችዋ እየተጨማደዱ፣ ቢጫና አረንጓዴ እየተዥጎረጎሩ መጡ። ቅጠሉን ብገለብጠው ከሥሩ ክሽክሽ ሞልቶበታል። ክሽክሽ ራሱ በሳሙና ውኃ የሚታጠብ ትንሽ ነገር ነው፤ ክፋቱ ከታመመ ተክል የመጠጠውን ቫይረስ ወደ ጤነኛው መውሰዱ ነው። ቫይረስ ለያዘው በርበሬ ደግሞ መድኃኒት የለም። ትምባሆ የሚያጨስ ሰው እንኳ እጁን ሳይታጠብ ተክሉን ቢነካ የትምባሆን ቫይረስ ሊያስተላልፍበት ይችላል። እርስዋን ነቅዬ መጣል ነበረብኝ። ሦስት ቀን ዘገየሁ። ስምንት አረንጓዴ ፍሬ አንጠልጥላለች፤ ዘርዋም ከዚያች ቋጠሮ የመጣ ነው። በመጨረሻ እማማ «አንድዋን ብለህ አሥሩን ልታጣ ነው» ስትለኝ ነቀልኋት፤ ከጓሮው አውጥቼም አቃጠልኋት። የቀሩትን አሥር ተክሎች ለሁለት ሳምንት ያህል የቅጠላቸውን ሥር በሳሙና ውኃ አጠብሁ። ሌላ አልታመመም።

ቃሪያ መብላት የጀመርነው በነሐሴ መጨረሻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፍሬዎች በውሉ መሠረት ለእማማ ወሰድሁ። እርስዋም ሽሮዋ ላይ ሰንጥቃ ጨመረችና አብረን በላን። አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬው ለአረንጓዴ ቃሪያነት እስኪደርስ በእኔ ጓሮ ሰባት ሳምንት ያህል ወሰደ፤ ቆላማ በሆነ አገር ከዚህ ያነሰ ነው። ከዚያ እስኪቀላ ድረስ ሌላ አንድ ወር ጠበቅሁ። አረንጓዴው ክሎሮፊል ሲፈርስ ካፕሳንቲን የሚባለው ቀይ ቀለም ይተካል፤ በመካከሉ ፍሬው ለጥቂት ቀናት ቡናማ ሆኖ ይቆያል። ለዚያ ተማሪ መልሱን የሰጠሁት በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ነው፤ 11ኛ ክፍል ገብቶ ነበር። ጥያቄውን ረስቶታል።

ስለ አረንጓዴው ቃሪያ ተማሪዎቼ የሚወዱት አንድ ታሪክ አለ። አልበርት ሴንት ጅዮርጂ የሚባል የሃንጋሪ ሳይንቲስት ሰገድ በሚባል ከተማ ይኖር ነበር። ዛሬ ቫይታሚን ሲ የምንለውን ነገር በብዛት የሚያገኝበት ምንጭ አጥቶ ሲቸገር፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ አንድ ማታ ሚስቱ ለራቱ የአገሩን ቃሪያ አቀረበችለት። እርሱ ራሱ እንደ ተናገረው መብላት አላሰኘውም፤ እንቢ ለማለት ደግሞ ስለ ፈራ ወደ ላቦራቶሪዬ ልውሰደውና ልመርምረው አለ። ያን ማታ ቃሪያው በቫይታሚን ሲ የተሞላ መሆኑን አወቀ፤ በጥቂት ሳምንታትም ከአንድ ኪሎ በላይ አነጠረ። እ.ኤ.አ. በ1937 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ይህ ቫይታሚን በሙቀትና በማድረቅ ስለሚጠፋ የምናገኘው ከወጡ ሳይሆን ከጥሬው ቃሪያ ነው። የተቀቀለ ወጥ አጠገብ ጥሬ ቃሪያ የሚያቀርበው ልማዳችን ሳያውቅ መልካም ሠርቷል።

ስለ ማቃጠሉም ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የሚያቃጥለው ዘሩ አይደለም፤ ዘሩ የተንጠለጠለበት ነጭ ሥጋ ነው። ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚሠራው እዚያ ነው፤ ዘሩ የሚያቃጥለው ከእርሱ ጋር ስለሚነካካ ብቻ ነው። አሜሪካዊው የመድኃኒት ባለሙያ ዊልበር ስኮቪል እ.ኤ.አ. በ1912 የማቃጠሉን ልክ ለማወቅ የበርበሬውን ጭማቂ ቀማሾቹ መቃጠሉን እስኪያጡት ድረስ በስኳር ውኃ ያቀጥነው ነበር። በዚህ ሚዛን ጣፋጩ ቃሪያ ዜሮ ሲሆን ንጹሑ ካፕሳይሲን 16 ሚሊዮን ነው። ይህ ነገር በእርግጥ አፋችንን አያቃጥለውም፤ የፈላ ነገር ሲነካን የሚነቃውን የነርቭ በር ያታልለዋል እንጂ። ዴቪድ ጁሊየስ የተባለው ሳይንቲስት ያንን በር ያገኘው በካፕሳይሲን ተጠቅሞ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፍሏል። የወፎች በር ግን በዚህ አይታለልም። ስለዚህ በጥቅምት ወር ቀያዮቹን ዛላዎች ወፍ እየጫረ ሲበላብኝ ለምን አይቃጠልም ብዬ አልተገረምሁም፤ ተናደድሁ እንጂ።

ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፤ በቅባት ይሟሟል። አፉ የተቃጠለ ሰው ከውኃ ይልቅ ወተት ወይም እርጎ ቢጠጣ ይሻለዋል። እጅም እንደዚሁ ነው፤ መጀመሪያ ዘይት ቀብቶ ከዚያ በሳሙና መታጠብ ይገባል። ይህን የምጽፈው ዛላ ቀንጥሼ ዓይኔን ካሸሁ በኋላ ነው። በማግስቱ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ያለቀስሁ መስሎአቸው ያን ዕለት በጣም ጨዋ ሆነው ዋሉ።

ቀዩን ፍሬ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ለቀምሁ። ዛላውን ባዶ መሬት ላይ ማስጣት መልካም አይደለም፤ ከአፈር እርጥበት ይስባል። እኔ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወንፊት ላይ አሰጣሁት፤ ማታ ማታም ጤዛ እንዳያገኘው አስገባሁት። ሲነቀነቅ ዘሩ ውስጡ እስኪንሿሿ ድረስ መድረቅ አለበት። እርጥብ ሆኖ የተከማቸ በርበሬ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያወጣ ይችላል። መርዙን ማመሱም መፍጨቱም አያጠፋውም። የሻገተ ዛላ ቢያሳዝንም ይጣል።

ምርቱ ስንት ሆነ? ሳንመዝን የበላነውን ቃሪያ ትተን ደረቁን ዛላ ብመዝነው ከግማሽ ኪሎ ጥቂት አለፈ። አንባቢን ማታለል አልወድም፤ አሥር ተክል የዓመት ወጥ አያበስልም። ከዚህ ምርት ተነሥታችሁ ብታሰሉት አምስት ኪሎ ዛላ የሚፈልግ ቤተሰብ መቶ ያህል ተክል፣ ማለትም ሃያ ካሬ ሜትር መሬት ያሻዋል። ይህ በኪራይ ቤት የሚገኝ አይደለም። ቃሪያ ግን ሌላ ነገር ነው። ሦስት አራት ተክል ያለው ሰው፣ በሃያ ሊትር ጀሪካን እንኳ ቢሆን ሥሩ በደንብ ተበስቶ ፀሐይ ፊት ከተቀመጠ፣ ለወራት ቃሪያ ሳይገዛ ይከርማል። አረንጓዴውን በለቀመ ቁጥር ተክሉ ሌላ ያብባል። ለደመወዝ ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ዛላውን ለቆላው ገበሬ ይተውለት፤ በጓሮው ቃሪያ ይትከል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርሱም የዘሩ ነገር ነው። በጓሮው ጥግ የእማማ የሚጥማጣ ቁጥቋጦ አለ፤ ጎረቤትም ቃሪያ ይተክላል። የበርበሬ አበባ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያፀንሳል፤ ንብ ግን ብናኝን ከአንዱ ወደ ሌላው ልትወስድ ትችላለች። ይህ የዘንድሮውን ፍሬ ጣዕም አይለውጠውም፤ ለውጡ የሚታየው ከዘሩ በሚበቅለው በሚቀጥለው ተክል ላይ ነው። የእናቴን ዘር በቅልቅል ማጣት ስላልፈለግሁ በሁለት ጤነኛ ተክሎች ላይ ገና ያልፈኩ እንቡጦችን በስስ ጨርቅ ከረጢት አሰርሁ። ፍሬ ሲይዙ ከረጢቱን አንሥቼ ጓንጉላቸውን በቀይ ክር ምልክት አደረግሁበት። ስድስት ዛላ ተገኘ። ከስድስቱ ዘር ግማሹን በጠርሙስ አድርጌ መደርደሪያዬ ላይ አኖርሁ፤ ግማሹንም በዚያችው በመጣችበት ጨርቅ ቋጠርሁ።

ለዘንድሮ ገና ወደ አገሬ ሄድሁ። ግማሽ ኪሎውን ዛላና ቋጠሮውን ይዤ ገባሁ። እናቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች፤ የቀኝ እጅዋ ጣቶች አይዘረጉም። ዛላዎቹን ጭንዋ ላይ አፈሰስሁላት። አንዱን በግራ እጅዋ አነሣች፤ ነቀነቀችው፤ ጆሮዋ አጠገብ አድርጋ ሰማችው። ከዚያ በጥርስዋ ሰብራ አሸተተች። ውስጡን በእሳቱ ብርሃን ለረጅም ጊዜ አየች።

«ሥጋው ሳስቷል» አለችኝ። «ውኃ አብዝተህበታል።»

«አዎን» አልኋት፤ የ68ቱንም ነገር ያን ጊዜ ነገርኋት።

ሳቀች። ቀጥሎም እኅቴን ጠርታ ሙቀጫው እንዲወጣ አዘዘች፤ እኔም አጠገብዋ ተቀምጬ እርስዋ እያዘዘችኝ እቀነጥስ ጀመር።